ኖራው እስኪደርቅ

የማወራው በአገራችን የሆነውን ነው። አገራችን ወዴት እንደሆነች የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ግድግዳ አይተህ ና እለዋለሁ፤ እኛ ዘንድ ሰው የትም የሚደርሰው ግድግዳ አይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገድ ከመንገድ በሚገናኝበት ስፍራ ሁሉ አንድ መስቀለኛ ቤት አለ፤ በየመስቀለኛው ቤት አንድ ጠሪ ይቀመጣል። ጠሪው ማለዳ ወጥቶ በየአቅጣጫው ጥሩምባ ይነፋል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጠሪ መልሶ ከነፋለት ጎረቤቱ ነው፤ ካልመለሰለት እንደሞተ ይቆጠራል፣ መንገዱም ይሰረዛል። አንድ ጊዜ የቆላ በር ጠሪ ጉንፋን ይዞት ሳይነፋ ቢያረፍድ፣ ቀትር ላይ እድሩ ድንኳን ጭኖ ደጁ ደረሰ። ሰውየው አልሞትኩም ብሎ ለማስረዳት ብዙ ተቸገረ፤ ንፍሮው ተቀቅሎ ነበርና።

ጥሩምባው ከተመለሰለት በኋላ ጠሪው፣ ከእኔ እስከ እገሌ መንገድ አለ፣ የግማሽ ቀን ነው፣ ከእኔ እስከ እገሌም አለ፣ የሁለት ቀን ነው እያለ ይጠራል። የሰማው ጠሪ ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ይጠራል፤ ያም ለሚቀጥለው። እንዲህ እየሆነ የአንዱ ቃል ፀሐይ ሳትጠልቅ የአገሩ ሁሉ ቃል ይሆናል። ስለዚህ በየመስቀለኛው ቤት ግድግዳ ላይ በከሰል የተሳለው ካርታ አንድ ዓይነት ነው። ጠሪው ካርታውን እያየ ከደጁ ወደየትኛውም ቦታ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ ያሰላና ለመንገደኛው ያመለክተዋል።

እኔ በጠሪው በጋሽ ይርዳው ቤት ኖራ ቀቢ ነበርኩ። አዲስ ነገር ሲጠራ ግድግዳው በሙሉ ኖራ ይቀባል፤ ካርታውም ከመጀመሪያው እንደገና ይሳላል። ኖራው እስኪደርቅ ድረስ በአገሩ ያለ መንገደኛ ሁሉ ባለበት ይቆማል። ያልደረቀ ግድግዳ አይቶ የተጓዘ ሰው ገደል ቢገባ ማን ይጠየቃል? ይህ የሚሆነው ግን ድልድይ ሲሰበር፣ ጎርፍ መንገድ ሲወስድ ወይም ጠሪ ጉንፋን ሲይዘው ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ ጥላ ሥር ተቀምጬ ገበጣ እጫወት ነበር።

ጋሽ ይርዳው ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ዓይኑ ያየውን ሳይጠራ እህል የማይቀምስ ሰው ነበር። መኖሪያው ከመስቀለኛው ቤት ጋር የተያያዘች ናት፤ በሯ የሚከፈተው ከኋላ ወዳለው ጉራንጉር ነው። ጉራንጉሩ ከመስቀለኛው ቤት ይነሳና ጥቂት ተጠማዞ የድንጋይ አጥር ነክቶ ያበቃል። በወዲያኛው ጫፉ ጠሪ የለም፤ አጥር ደግሞ ጥሩምባ አይመልስም። ጥሩምባ ያልተመለሰበት መንገድ ስለማይጠራ፣ ጉራንጉሩ በአንድም ግድግዳ ላይ አልነበረም። ይህም ለብዙ ዘመን ማንንም አላስቸገረም። ግብር ሰብሳቢ እንኳን አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም፤ ነዋሪውም ስለዚህ ነገር ጮክ ብሎ አያወራም ነበር።

ችግሩ የመጣው የጋሽ ይርዳው ልጅ ስንዱ ለትዳር ስትታጭ ነው። ያጫት ታምሬ የሚባል፣ በአገሩ ሌላኛው ጫፍ የሚኖር ቆዳ ፋቂ ነው። በገበያ ተያይተው ተዋደዱ፤ ሽማግሌ ተላከ፤ ሁሉ ነገር አለቀ ሲባል የታምሬ አባት አቶ ደምለው መስቀለኛ ቤት ገብተው ግድግዳ አዩ። የልጅቱን ሰፈር አጡት። በአገራችን ሕግ ግድግዳ ላይ የሌለ ቦታ የለም፤ በሌለ ቦታ የተደረገ ጋብቻም አልተደረገም። አቶ ደምለው በሽማግሌው በኩል የላኩት ቃል አጭር ነበር፤ "ልጅህን አልናቅናትም። ነገር ግን ልጄን ከሌለ ቦታ አልድረውም። እስከ ጥር እንጠብቃለን፤ ከዚያ ሌላ እናያለን።"

ጋሽ ይርዳው ይህን ሰምቶ እንደ በረደው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ስንዱ ግን እንስራዋን መሬት አስቀመጠች።

"እንግዲህ እኔ የለሁም ማለት ነው?" አለች። "እሺ። የሌለ ሰው ውኃ አይቀዳም።"

እናቷ እትዬ አስካለ ሳቀች፤ ጋሽ ይርዳው አልሳቀም። በበነጋው ኖራዬን ጥዬ እንድከተለው አዝዞኝ ወደ ግድግዳው ዳኛ ሄድን።

የግድግዳው ዳኛ ምስጋናው የሚባሉ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ማንንም ማስቀየም የማይወዱ ሰው ናቸው። የጋሽ ይርዳውን አቤቱታ ዓይናቸውን ከድነው ሰሙ። ከሰሙ በኋላም ነገሩን እንዲህ አስረዱን። በሁለት ጫፉ ጥሩምባ የሚመላለስበት መንገድ የአገር ልጅ ይባላል። ጉራንጉሩ የአገር ልጅ ሊሆን አይችልም። በእንግድነት ግን ሊገባ ይችላል፤ ጠሪው ከውጭ እንደመጣ ወሬ አድርጎ ይጠራዋል። ጋሽ ይርዳው፣ እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው፣ አያቴም የተቀበረው እዚያ ነው፣ እንዴት ከውጭ ይሆናል አለ። ዳኛው፣ እንግዳ መባል ውርደት አይደለም፣ እንግዳ እንዲያውም ይከበራል አሉት። የእንግዳ መንገድ ርቀቱ ስለማይለካም ከየትም ሆኖ ለሚያየው የአንድ ቀን መንገድ ተብሎ ይጻፋል አሉ።

"ከየትም?" አለ ጋሽ ይርዳው።

"ከየትም። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው።"

ጋሽ ይርዳው ተስማማ፤ ጉራንጉሩን ብቻ እንዲጠራ እንዲፈቀድለትም ለመነ። ይሄኔ ዳኛው ዓይናቸውን ገለጡ። አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው አድልዎ ነው፤ ዛሬ አንተ ጉራንጉርህን ከመረጥክ ነገ ሌላው ድልድዩን ትቶ የአማቱን ቤት ይጠራል አሉ። ፍርዱም ተሰጠ፤ ይርዳው ቤቱን የነካውን ሁሉ ይጥራ፤ ወይም ምንም አይጥራ።

ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ጠርቶ ሌላውን ረሳሁት ይል ነበር። ጋሽ ይርዳው ግን በማግሥቱ ማለዳ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረና ጥሩምባውን አነሳ። ጉራንጉሩን ጠራ። የቤቱን በር ጠራ። የሰፈሩ የጋራ መጸዳጃ ቤት ግድግዳውን ስለሚነካ እሱን ጠራ። ዶሮ ቤቱን ጠራ። በጓሮው አጥር ላይ ያለውን፣ እትዬ አስካለና ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘርፌ ጨውና ወንፊት የሚቀባበሉበትን ሽንቁር ጠራ። በቦዩ ላይ የተጋደመችውን ሳንቃ ጠራ። ወደ ቆጡ የሚያስወጣውን መሰላልም ጠራ። ይህ ሁሉ ቃል ሳይጨመርና ሳይቀነስ በአገሩ ተላለፈ፤ በየግድግዳውም ላይ ከታላላቆቹ ከተሞች አጠገብ ተጻፈ።

የዚያን ቀን ጉራንጉሩ በደስታ ዋለ። ሰዎች ወደ መስቀለኛው ቤት እየገቡ ሰፈራቸውን በጣታቸው እየነኩ ስለሳሙት ከሰሉ ደበዘዘና እንደገና መሳል ነበረብን። ወሬው ለአቶ ደምለው ደረሰ፤ እሳቸውም ግድግዳቸውን አይተው፣ አንድ ቀን ብቻ ከሆነማ በዚሁ ሳምንት ሠርገኛ ይዤ እነሳለሁ አሉ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ዶሮዎቹ ገቡ። እትዬ አስካለ እንደ ልማዷ የዶሮ ቤቱን በር ዘጋች።

ጋሽ ይርዳው አየ። አፉ ውስጥ ያለውን ጉርሻ ዋጠና ወጥቶ ጥሩምባውን ነፋ፤ ወደ ዶሮ ቤት የሚያስገባው እንግዳ መንገድ ተዘግቷል ብሎ ጠራ። አገሩ ሁሉ ኖራ ተቀባ። መንገደኛ ሁሉ ባለበት ቆመ። ጠዋት ዶሮዎቹ ሲወጡ መንገዱ ተከፈተ፤ አገሩ ሁሉ ኖራ ተቀባ። ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ወደ መጸዳጃ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ከፈተው። በዚያ ሰፈር ሆዱን የሚያመው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። እኔ ገበጣዬን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላየሁትም።

ሌላም ነገር መጣ። አንድ ጨው ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ ከጓሮው ዘልቆ ከዶሮ ቤቱ ደጃፍ ቆመ። እትዬ አስካለ ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቀችው።

"ዶሮ ቤት የሚባለው ከተማ ይሄ ነው?"

"ከተማ? ዶሮ ቤት ነው።"

"እኮ። አዲስ ከተማ ግድግዳ ላይ ወጣ፣ ያውም አንድ ቀን ነው ሲባል ነው የመጣሁት።" ነጋዴው ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። "ነዋሪው ጥቂት ነው።"

"ጨው ግን አይጠላም" አለችው፤ አሳዘናትና አንድ አሞሌ ገዛችው።

ሌሎች ጠሪዎች ለጊዜው ታገሡ። በኋላ የቆላ በሩ ጠሪ፣ ያ አንድ ጊዜ በቁሙ ድንኳን የተጣለለት፣ ትዕግሥቱ አለቀና ጥሩምባውን እንኳ ሳይነፋ፣ ይርዳው ዶሮህን እረድ ብሎ ጮኸ። የሰማው ጠሪ ቃል መጨመርም መቀነስም ስለማይችል ለሚቀጥለው አስተላለፈ። ስድቡ ሳይጓደል አገሩን ሁሉ ዞሮ በሌላ በር ለራሱ ለተሳዳቢው ደረሰው፤ እሱም ደንቡ ነውና ተቀብሎ እንደገና ጠራው።

ሠርገኛው በዚህ መሃል ተነስቶ ነበር። አቶ ደምለው ግድግዳው አንድ ቀን ስላለ የአንድ ቀን ስንቅ አስይዘዋል። ቀኑን ሄደው ሲመሽ ከአንድ መስቀለኛ ቤት ደረሱና ግድግዳ አዩ፤ የይርዳው ጉራንጉር፣ የአንድ ቀን መንገድ። ዶሮዎቹ ሊገቡ ስለነበር ኖራው እስኪደርቅ እዚያው ቆሙ። በማግሥቱ ተነስተው ሄዱ፤ ሲመሽ ግድግዳ አዩ፤ አንድ ቀን። እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። በመጨረሻ አቶ ደምለው የላኩት ቃል በጠሪዎች አፍ ለጋሽ ይርዳው ደረሰ፤ አገሩም ሁሉ ሰማው።

"ለወደፊቱ አማቻችን ለይርዳው። ከቤታችን ስንነሳ አንድ ቀን ነበርክ። ዛሬም አንድ ቀን ነህ። ስንቃችን አልቋል። ወይ ቅረብ፣ ወይ ራቅ።"

ጋሽ ይርዳው ይህን ቃል ደንቡ ስለሆነ ራሱ ተቀብሎ ለሚቀጥለው ጠሪ ጠራው። ከዚያ ዳኛው ዘንድ ሮጠ። ዶሮ ቤቱን ልተው አለ፤ አድልዎ ነው ተባለ። ሁሉንም ልተው አለ፤ ከተውከው ጉራንጉሩ ይፋቃል፣ ሠርገኛውም መድረሻ የለውም ተባለ። ዳኛው በበኩላቸው በየቀኑ ከአገሩ ሁሉ አቤቱታ ይጎርፍባቸው ነበር፤ ሰውነታቸውም ቀንሷል። አስበው አስበው አንድ አዋጅ አወጡ። አዋጁ፣ ይርዳው እንዲመርጥ አይፈቀድም፤ ነገር ግን ሠርገኛው ገብቶ እስኪወጣ ድረስ የይርዳውን ቤት የነካ ነገር ሁሉ አዋጁ በተነገረበት ሰዓት እንደነበረ ይቆይ የሚል ነው። በይርዳው ቤት ሳቢያ ግድግዳ አንዲት ጊዜ ቢቀባ ጉራንጉሩ ከአገሩ ይፋቃል፤ በዚያ የተደረገውም ሁሉ አልተደረገም።

አዋጁ የተነገረው ገና ሳይነጋጋ ነው። በዚያ ሰዓት የዶሮ ቤቱ በር ዝግ ነበር፤ ዝግ ሆኖ ቀረ፤ ዶሮዎቹን በቀዳዳ እህል ወረወርንላቸው። የመጸዳጃው በር ክፍት ነበር፤ ክፍት ሆኖ ቀረ። የገባ ሰው እንዳይደርሱበት እየዘፈነ ይቀመጣል፤ በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ስንት የተደበቀ ድምፃዊ እንደነበረው ታወቀ። ሳንቃዋን ወይዘሮ ዘርፌ በርበሬ ልታሰጣባት ወስዳት ነበርና ቦዩን እየዘለልን ከረምን። የጋሽ ይርዳው የቤት በር ዝግ ነበር። ስለዚህ ወደ ቤቱ መግቢያና መውጫ የቀረው ያ ወደ ወይዘሮ ዘርፌ ጓሮ የሚወስደው፣ ወገብ የማይደርሰው ሽንቁር ብቻ ሆነ። የሠርጉ ጠላ፣ የሠርጉ ሙክት፣ የስንዱ አክስቶች ሁሉ በእሱ ገቡ። አንዷ አክስት መሃል ላይ ተይዛ ቆየች፤ እኛ ከወዲህ፣ ወይዘሮ ዘርፌ ከወዲያ ሆነን ገላገልናት።

ማንም ዘብ አልቆመም። ዘብ አያስፈልግም ነበር። ጋሽ ይርዳው በየጎረቤቱ እየዞረ፣ እባካችሁ አትንኩ፣ ከነካችሁት አየዋለሁ፣ ካየሁት እጠራለሁ እያለ ይለምን ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ አንድ ጊዜ፣ ታዲያ ብታይስ ባትጠራው ምን ይልሃል አለችው። ስድብ እንደሰማ ሰው አያት።

አገሩ ረጋ። ግድግዳው ደረቀ። ሠርገኛው የጎድን አጥንቱ እየታየ፣ ከንፈሩ እየተሰነጠቀ መጣ። አቶ ደምለው ከዝጉ በር ፊት ቆመው በከዘራቸው መቱት። ከውስጥ እንደማይከፈት ተነገራቸው፤ በወይዘሮ ዘርፌ ጓሮ ዞረው ወደ ሽንቁሩ ተመሩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በቁመትም በክብርም።

"እንደ ውሻ ልሽሎክሎክ?" አሉ።

"እንደ ጎረቤት ነው" አለቻቸው ወይዘሮ ዘርፌ። "ውሻማ በመሰላሉ ነው የሚገባው።"

ወጡ ሸተታቸውና ተንበረከኩ። በሉ። ሲጠግቡ ቁጣቸው በረደ፤ ሙሽራውም ሚዜዎቹም ጨፈሩ። የመሄጃው ሰዓት ሲደርስ ግን አቶ ደምለው ተነስተው እጃቸውን ታጠቡና አንድ ነገር ተናገሩ። "እኔ ተርቤ ነበርና በሽንቁር ገባሁ፤ ሙሽራ ግን በአባቷ በር ነው የምትወጣው። በሽንቁር የወጣች ሴት የተሰረቀች ናት፤ እኔ ለልጄ የተሰረቀች ሚስት ይዤ አልመለስም።" ይህን ያሉት በክፋት አልነበረም። በሁሉም ዘንድ ልማዱ እንዲያ ነው፤ እትዬ አስካለም ልክ ናቸው ብላ አንገቷን ደፋች።

ነገሩ ለሁሉም ገብቶታል። በሩ ከተከፈተ ጋሽ ይርዳው ያየዋል፤ ካየው ይጠራል፤ ከጠራ ጉራንጉሩ ይፋቃል፣ ጋብቻውም አልተደረገም። በሩ ካልተከፈተ ሠርገኛው ባዶውን ይመለሳል። እኔ ከልማድ የተነሳ የኖራ ባልዲዬን ፈለግሁ፤ ከዚያ አፈርኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

ጋሽ ይርዳው ጥሩምባው በእጁ ነበር። ስንዱ ጥለቷን እየጎተተች መጥታ ከፊቱ ቆመች።

"አባዬ፣ በበሩ ልወጣ ነው" አለችው። "አንተ ሥራህን ሥራ። አልቀየምህም።"

ረጅም ጊዜ አያት። አንድም ነገር እንዳያመልጠው እንደሚያጠና ሰው ነበር ያያት፤ ፀጉሯን፣ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ፣ በልጅነቷ ከመሰላሉ ወድቃ የተቆረጠውን ቅንድቧን። ከዚያ ከበሩ አጠገብ፣ አባት ልጁን በሚሸኝበት ቦታ ቆመና ዓይኖቹን ጨፈነ።

"ጠሪ የሚጠራው ያየውን ነው" አለ። "ነይ ልመርቅሽ።"

እጁን ዘርግቶ በዳበሳ ራሷን አገኘው፤ መረቃት። ድምፁ ሁለት ቦታ ላይ ተቆረጠ። በአገራችን ልጁን ሲድር የማያይ አባት የለም፤ የዓመታት ወሬው እሱ ነው፤ እንዴት እንደወጣች፣ ዞራ እንዴት እንዳየችው። ስንዱ መወርወሪያውን ሳበች። በሩ ለብዙ ቀን ሳይነካ ስለቆየ ሲከፈት አቃሰተ፤ ጋሽ ይርዳው የዓይኑን ቆብ ይበልጥ ጨመቀው። እልልታው ወጣ። እግሮች አለፉ። ስንዱ ከደጅ ሆና ዞራ አየችው፤ ይህን እኔ ነኝ ያየሁት፤ ለእሱ ግን ልነግረው አልችልም ነበር፤ ከነገርኩት የበሩን መከፈት ነገርኩት ማለት ነው።

ዘፈኑ ጉራንጉሩን ዞሮ፣ ዋናውን መንገድ ይዞ ራቀ። እስኪጠፋ ድረስ ጋሽ ይርዳው ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ቆመ። ከዓይኖቹ ሥር ጉንጩ ርሶ ነበር።

"አስካለ፣ ዘጋሽው?" አለ በመጨረሻ።

እትዬ አስካለ መወርወሪያውን ወረወረች። "ዘጋሁት።"

ዓይኑን ገለጠ። በሩን አየ፤ ዝግ ነው። በእጄ ድጋፍ በሽንቁሩ ወጥቶ ወደ መስቀለኛው ቤት ተሻግሮ ግድግዳውን አየ፤ በግድግዳው ላይም ዝግ ነው። ኖራ ልበጥብጥ ወይ አልኩት።

"ለምኑ?" አለኝ። "ምንም የተለወጠ ነገር የለም።"

ጥሩምባውንም ሰቀለው።